ወደ መርከብ መጠጊያ ስለሚደረግ ጉብኝት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው ስለ ጂኦግራፊ ክበባችን የጉዞ አሳብ ነው። አሳቡም ከጎብዬ ተነሥተን መርከብ ከምድር ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ሄደን በዓይናችን እንድናይ ነው። ይህን ስትሰሙ «የራያን ቆላና ባሕርን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ እንደምትኖሩ ዐውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ከእርሱው እጀምራለሁ።

በካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጠን ብንለካ ከጎብዬ እስከ አዲስ አበባ ቀጥታው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚሁ ከጎብዬ እስከ አሰብ ብንለካም 350 ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን። እስከ ጅቡቲ ከተማ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እንግዲህ ከዋና ከተማችንና ከቀይ ባሕር ተቀራራቢ በሆነ ርቀት ላይ እንኖራለን ማለት ነው። ይሁን እንጂ አዲስ አበባን ያየ ሰው በየቤቱ ሲገኝ ባሕርን ያየ ግን እጅግ ጥቂት ነው። መካከሉ የአፋር በረሃ ስለ ሆነ መንገዱ ይዞራል፤ ማስመሪያው ግን አይዋሽም።

ወንዞቻችን እንኳ ባሕር አይደርሱም። ጎሊናና አላ ውሃ ከምዕራብ ተራሮች ወርደው፣ ሜዳችንን አቋርጠው፣ ወደ ምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ ይዘልቁና እዚያው አሸዋ ውስጥ ይቀራሉ። ከተራራው ማዶ በላስታ በኩል ወደ ተከዜ የሚፈሰው ውሃ ግን በአትባራና በዓባይ አድርጎ እስከ ሜዲተራኒያን ባሕር ይጓዛል። አንድ ደመና በተራራው ጫፍ ላይ ሲዘንብ የወዲያው ጎርፍ ግብፅን ሲያይ የወዲህኛው አፋር ላይ ይደርቃል። ባሕሩ ራሱ ግን በጥንት ዘመን ወደኛ ቀረብ ብሎ ነበር። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርደው የደናክል ዝቅተኛ ምድር ቀይ ባሕር ገብቶበት እንደ ነበረ፣ ኋላም ተቆርጦ ደርቆ ጨዉን ትቶ እንደ ሄደ፣ ሊቃውንት በዚያ የተገኘውን የኮራል ቅሪት ምስክር እያደረጉ ጽፈዋል። አያቶቻችን ከአፋር ግመል ላይ እያወረዱ የገዙት አሞሌ የዚያ ባሕር ትራፊ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። ወደብ ስንል ከተማውን፣ መጋዘኑን፣ ጉምሩኩን፣ ክሬኑን ሁሉ ጨምረን ነው። እኔ ለይቼ የምናገረው ከምድሩ ጀምሮ ወደ ውሃው ዘልቆ ስለ ተሠራው፣ መርከብ ጎኑን አስጠግቶ በወፍራም ገመድ ስለሚታሰርበት፣ ሰው ስለሚወርድበትና ዕቃ ስለሚራገፍበት መድረክ ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ «መጠጊያ» እለዋለሁ። መርከብ እንደ አውቶቡስ ባሻው ቦታ ቆሞ ሰው አያወርድም። ከውሃው በታች የሚጠልቅ አካል ስላለው፣ የባሕሩ ዳር ጥልቀት ካልበቃው ሆዱ መሬት ይነካና ይቀራል። ስለዚህ ሰዎች ወይ መርከቡን በሩቅ አቁመው ዕቃውን በትንንሽ ጀልባ ያመላልሳሉ፤ ወይም ጥልቁ ውሃ እስኪገኝ ድረስ ድንጋይና ብረት ተክለው ምድሩን ወደ ባሕሩ ያስረዝማሉ፤ አለዚያም የባሕሩን ወለል ቆፍረው ያጠልቃሉ።

ይህ ነገር ከኛ ቤት ምን ይሠራል? ወላጆቻችን በክረምት መግቢያ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ደጃፍ ተሰልፈው የሚረከቡትን የዩሪያ ጆንያ አስቡ። ማዳበሪያው በመርከብ ሆድ ውስጥ እንደ እህል ልቅ ሆኖ ተጭኖ ጅቡቲ ይደርሳል፤ በወደቡ ላይ በጆንያ ተሞልቶ ይሰፋል፤ ከዚያ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደኛ ይመጣል። መርከቡ ከዘገየ ማዳበሪያው ይዘገያል፤ ዝናቡ ግን መርከብ አይጠብቅም። አገራችን በባሕር ከምታስገባው ዕቃ ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚሆነው የሚገባው በጅቡቲ በኩል ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ወደ ወሎ ከመጣው የእርዳታ እህል ብዙው በአሰብ መጠጊያ ላይ የተራገፈ ነበር። ያን ስንዴ የቀመሱ እናቶችና አባቶች ዛሬ በዚህ አዳራሽ ሊኖሩ ይችላሉ። ስንዴው ከየት አገር እንደ መጣ ሰምተው ይሆናል፤ በየት በኩል እንደ ገባ ግን የነገራቸው ያለ አይመስለኝም።

አሰብን ካነሣሁ አይቀር ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ደሴን ከአሰብ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ስለ ሠራ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ለወሎ ሹፌርና ነጋዴ አሰብ የቅርብ ገበያው ነበረ። ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ሆነች። እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ድረስ ዕቃችን በአሰብ መግባቱን ቀጠለ፤ በዚያ ወር ጦርነት ሲነሣ ግን በሩ ተዘጋ። በ2010 ዓ.ም. ሰላም ወርዶ «መቀሌ» የተባለችው የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ምጽዋ ደረሰች፤ ነገር ግን መንገዱ ጸንቶ አልቀጠለም። ስለ ባሕር በር በየቦታው የሚደረገውን ክርክር እዚህ አላነሣም፤ ለተማሪ ጉዞ የሚበቃን የተከፈተውን በር ማወቅ ነውና።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ነገር እናገራለሁ። እናቶቼና አባቶቼ ታገሡኝ።

በኛ አገር አንድ ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ «በቦሌ ነው ወይስ በባሕር?» ተብሎ ይጠየቃል። በቦሌ የሄደ ፓስፖርቱን ይዞ በአውሮፕላን የሄደ ነው። በባሕር የሄደው ግን ደላላ ተከትሎ፣ የአፋርን በረሃ ተሻግሮ፣ ጅቡቲ ውስጥ በኦቦክ አካባቢ ካለ ጭው ያለ ዳርቻ በሌሊት ጀልባ ላይ የተጫነ ነው። ከፊቱ ያለው ባሕር ባብ ኤል መንደብ ይባላል፤ በዓረብኛ የእንባ በር ማለት ነው። እንግዲህ ከመካከላችን ባሕርን ያየ የለም ማለቴ ልክ የሚሆነው እነዚህን ልጆች ካልቆጠርን ብቻ ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ወንበር ተነሥተው ሄደው ያዩት አሉ። አንዳንዶቹ ደርሰው ገንዘብ ልከዋል፤ ቤትም አሠርተዋል፤ ይህን መካድ ውሸት ይሆናል። አንዳንዶቹ የመን ላይ ተይዘው፣ ቤተ ሰባቸው በሬውን ሸጦ ቤዛ ከፍሎላቸዋል። ድምፃቸው የጠፋም አሉ።

እነዚህ ልጆች ባሕሩን አይተዋል፤ መጠጊያውን ግን አላዩም። ጀልባው የሚነሣው መጠጊያ ከሌለበት ቦታ ስለ ሆነ ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይሳፈራል፤ በወዲያኛው ዳር የሚወርደውም እንደዚሁ ነው። ነሐሴ 3 ቀን 2009 ዓ.ም. በየመን ሻብዋ ዳርቻ አንድ አሻጋሪ የባሕር ጠባቂዎች መጡብኝ ብሎ 120 ያህል ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያንን በማዕበል ውስጥ እንዲዘሉ አስገደደ። እስከ 50 የሚደርሱት እንደ ሰጠሙ፣ የተሳፋሪዎቹም ዕድሜ በአማካይ 16 ዓመት ያህል እንደ ነበረ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት አስታወቀ። 16 ዓመት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ዕድሜ ነው። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት በጅቡቲ ዳርቻ ተገለበጡ፤ በእነዚያ የነበሩት ሰዎች ከየመን ወደ አገራቸው ለመመለስ የተነሡ ነበሩ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ዳርቻ በሰጠመችው ጀልባ ከ90 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በጀልባዋ ላይ በጠቅላላው ስንት ሰው እንደ ነበረ ግን በእርግጥ የሚናገር አልተገኘም፤ 157 ያሉ ነበሩ፤ 200 ያሉም ነበሩ።

ይህ የቍጥር ልዩነት ብዙ አሳስቦኛል። በ157 እና በ200 መካከል 43 ሰው አለ። ይህም አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ነው፤ ነበሩ ወይስ አልነበሩም ብሎ ማረጋገጥ ያልተቻለ አንድ ክፍል። በመጠጊያ በኩል የሚሄድ ሰው ስሙ ይጻፋል፤ ሲሳፈር ይቆጠራል፤ ሲወርድ ይቆጠራል፤ ቢጎድል ይፈለጋል። የመጠጊያ ዋና ጥቅም ጥልቅ ውሃ ማግኘቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ሰው የሚቆጠርበት ቦታ መሆኑም ጭምር ነው።

የጥንት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን አጥንተናል። ቅዱስ ጳውሎስ የጉዞው ወቅት አልፏልና አንሂድ ቢል የመርከቡ ሰዎች አልሰሙትም፤ መርከቡም በማዕበል ተሰበረ። ሉቃስ ታሪኩን ሲጽፍ በመርከቡ ውስጥ የነበርን ሁላችን 276 ነፍስ ነበርን ብሎ ቍጥሩን መዝግቧል፤ ሁሉም በደኅና ወደ ምድር ወጥተዋል። ሙስሊም ጓደኞቼም እንደሚያውቁት፣ በ615 እ.ኤ.አ. የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች ስደት ሲሆንባቸው ባሕር ተሻግረው ወደ ነጃሺ አገር መጡ። የመጡትም ወንዶችና ሴቶች እነማን እንደ ነበሩ የስማቸው ዝርዝር ሳይቀር ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። ያን ጊዜ ሰው ወደኛ ይሰደድ ነበር፤ መዝገብም ይያዝለት ነበር።

አንድ የተከበሩ ወላጅ ስለዚህ ጉዞ ሲሰሙ «ልጆቹን ባሕር ካሳያችኋቸው እኮ ይሄዳሉ» አሉ። ይህን ቃል ንቄ ልለፈው አልችልም፤ ልጅ የጎደለበት ቤት የሚናገረው ቃል ነውና። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ። ደላላው ባሕሩን በቃሉ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ጀልባው ትልቅ ነው ይላል፤ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ይላል፤ ውሃው እንደ ኩሬ ነው ይላል። ነገሩ ሁሉ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። መጠጊያ ላይ ቆሞ አንድ ማዕበል ድንጋይ ሲመታ የሰማ፣ እውነተኛ መርከብ ምን ያህል እንደ ሆነ ያየ፣ ለአንድ ሰው ስንት የደኅንነት ዕቃ እንደሚያዝ የቆጠረ ልጅ ግን ደላላውን መልሶ የሚጠይቀው ጥያቄ ያገኛል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። ባሕርን ያላየም ደላላን ያምናል።

ወደ ዕቅዱ ልለፍ። በአንድ ዓመት የሚፈጸም ስላልሆነ ክበቡ በሁለት ከፍሎ አስቦታል፤ መጀመሪያ ጣና፣ ቀጥሎ ጅቡቲ።

ጣና ሐይቅ ነው እንጂ ባሕር አይደለም የሚል ይኖራል፤ ሆኖም አጠገቡ ያለው ከተማ ስሙ ባሕር ዳር ነው፤ ሰዎቹም ያለ ምክንያት አልሰየሙትም። ከወልድያ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ እስከ ወረታ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቻይናዎች የሠሩት ስለ ሆነ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ከወረታ በኋላ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ ባሕር ዳር ይደርሳል። መንገዱ ዳገትና ብርድ ስላለው የቆላ ልጆች ጋቢ መያዝ አለብን። ጋይንት ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ በሸሚዝ የሚችለው የለም።

ባሕር ዳር ስንደርስ የምናየው ብዙ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በባሕር ዳርና በጎርጎራ ወደብ ሠርተው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዘጌ፣ በደቅ ደሴት፣ በቁንዝላና በደልጊ እያረፈ እስከ ጎርጎራ የሚደርስ የጀልባ መሥመር ሲሠራበት ኖሯል። ከዘመናዊው ጀልባ አጠገብ ደግሞ ከደንገል የተሠራችው ታንኳ አለች፤ መጠጊያ አትፈልግም፤ ቀዛፊዋ ሲጨርስ ጎትቶ ያወጣትና ፀሐይ ላይ ያደርቃታል። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ከአንድ ወር ትምህርት ይበልጣል። ከዚህም ሌላ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ፣ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ ተጭና፣ በየብስ ወደ ጣና የተጓዘችው «ጣና ነሽ 2» አለች። መርከብ በአስፋልት ላይ ስታልፍ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ ተመልክቷታል። ባሕር የሌለው አገር መርከብን በመኪና እንደሚያመጣ ለዓለም ያሳየን ይመስለኛል።

በመጠጊያው ላይ ተማሪዎች የሚሠሩት ሥራ ይኖራል። የሐይቁ ወለል ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ነው። የሐይቁ ከፍታ በክረምትና በበጋ ስለሚለያይ ምሰሶው ላይ የውሃው ምልክት ይታያል፤ ያን እንለካለን። በ1995 ዓ.ም. ውሃው እጅግ ጎድሎ ጀልባዎች ለወራት ሥራ አቁመው ነበር፤ ስለዚህ ጀልባ ሠራተኞቹን ምን እንዳደረጉ እንጠይቃለን። የጣና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። ይህን ቍጥር ሁሉም በደብተሩ ይጻፈው፤ ጅቡቲ ላይ ይፈለጋልና።

ጥንቃቄውም እንዲህ ነው። ከመካከላችን ዋና የሚችል ጥቂት ነው፤ ጎሊና በጎርፍ ሲመጣ ከመሸሽ በቀር የውሃ ልምድ የለንም። ስለዚህ የሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው ካልተሰጠ ማንም ጀልባ ላይ አይወጣም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ የምንሳፈረው በጧት ነው። በሐይቁ ዳር መታጠብም ክልክል ይሆናል፤ የቢልሃርዚያ በሽታና ጉማሬ አሉና። ሴቶች ተማሪዎች ከሁለት መምህራት ጋር በተለየ ቤት ያድራሉ። በመንገድ ላይ በየማረፊያው ስም ይጠራል፤ ሁሉም አቤት ሳይል አውቶቡሱ አይነሣም።

ጅቡቲ ከዚህ የከበደ ነው። መንገዱ በወልድያ፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ሚሌ ላይ ከዋናው የከባድ መኪኖች መንገድ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም በሎግያና በሰመራ በኩል ጋላፊ ከሚባለው የድንበር ኬላ ይደርሳል። ባቡር ቢኖር ኖሮ ድካሙ ይቀንስ ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታሰበው 390 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር መሥመር ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ከሐራ ገበያ እስከ ታጁራ ወደብ የሚቀጥል ሌላ መሥመርም ታቅዶ ነበር። የታጁራ ወደብ በ2009 ዓ.ም. ተከፍቶ ይጠብቃል፤ ባቡሩ ግን እስካሁን ወደኛ አልመጣም። ስለዚህ በአውቶቡስ ነው የምንሄደው።

የምንሄድበት ጊዜ ጥር ነው። በጅቡቲ ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ በጥር ግን ከኛ ቆላ ብዙ አይብስም። ጅቡቲ ሌላ መንግሥት ስለ ሆነች ፓስፖርትና የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፓስፖርት ለማውጣት የልደት ምስክር ወረቀትና መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ዕድሜው 18 ያልሞላ ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ይጨምራል፤ ገንዘቡም ቀላል አይደለም። እንግዲህ የዘንድሮ 9ኛ ክፍሎች ከአሁኑ ቢጀምሩ 11ኛ ክፍል ሲደርሱ ይዘጋጃሉ። ወደቡ የጉምሩክ ክልል ስለ ሆነ ዝም ብሎ አይገባበትም፤ ትምህርት ቤታችን አስቀድሞ ለወደቡ አስተዳደርና በዚያ ላለው ኤምባሲያችን ደብዳቤ መጻፍ አለበት። የደብዳቤውን ረቂቅ ክበቡ አዘጋጅቶ ለክቡር ዲሬክተር ያቀርባል።

እዚያ የምናየው መጠጊያ ዶራሌ ይባላል። የኮንቴይነሩ ክፍል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጠጊያው ርዝመት 1,050 ሜትር፣ በጎኑ ያለው የውሃ ጥልቀትም 18 ሜትር ነበረ። በደብተራችሁ የጻፋችሁትን የጣና ቍጥር አሁን አውጡት። ትልቁ የዕቃ መርከብ ሲሞላ ከውሃ በታች ከ14 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ስለዚህ ጣና ላይ ቢቀመጥ በጥልቁ ቦታ እንኳ መሬት ይነካል። በ2009 ዓ.ም. በዚሁ በዶራሌ ልዩ ልዩ ጭነት የሚራገፍበት ሌላ ወደብ ተጨምሮ ተከፍቷል። የማዳበሪያው ጆንያ ሲሰፋ ለማየት ብንታደል አንዱን በእጄ ዳስሼ ለአባቴ ብነግረው እወድ ነበር። ነገር ግን እኔ የዘንድሮ ተፈታኝ ስለ ሆንሁ የጅቡቲው ጉዞ ሲደረግ እዚህ አልገኝም፤ የዚያ ዓመት ተማሪዎች ለእኔም ይዳስሱልኝ።

ስለ ገንዘቡ፣ የጣናው ጉዞ ለ40 ተማሪዎችና ለ4 መምህራን ታስቧል። እያንዳንዱ ተማሪ በወር 100 ብር ለ5 ወር ቢያስቀምጥ 20,000 ብር ይሰበሰባል። ይህ ለአውቶቡስ ኪራይ እንደማይበቃ እናውቃለን፤ የጎደለውን በትምህርት ቤቱ መሬት ላይ ሽንኩርት ተክለን ሸጠን ለመሙላት አስበናል። የቆቦ ሜዳ ሽንኩርት የማይገዛ ነጋዴ የለም። አባቱ መክፈል የማይችል ተማሪም በጉልበቱ ይሳተፋል፤ ማንም በገንዘብ ምክንያት አይቀርም።

ቀኑን ግን ዛሬ አልናገርም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተነሣው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉና ሲከፈቱ ቆይተዋል፤ ከዚያም በፊት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ይህ ቆላ ያየውን መከራ እዚህ ላለን ሰዎች መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ቀኑን የሚቆርጡት ተማሪዎች አይደሉም። መንገዱን በየሳምንቱ የሚመላለሱ ሹፌሮችና ወላጆች ከመምህራን ጋር ተቀምጠው ይወስናሉ። ዘንድሮ አይሆንም ከተባለ ለከርሞ ይሆናል፤ ገንዘቡም በአደራ ይቀመጣል። ጳውሎስን ያልሰሙትን መርከበኞች መምሰል አንፈልግም።

የጉዞው መዝገብ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። በመጀመሪያው ዓምድ የተማሪው ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ በሁለተኛው የወላጅ ስምና ፊርማ፣ በሦስተኛው ዋና መቻሉና አለመቻሉ ይጻፋል። አራተኛውና አምስተኛው ዓምድ ባዶ ይቆያሉ፤ አንዱ ስንሄድ ሌላው ስንመለስ የሚሞሉ ናቸው። ፊርማ የማይጽፉ እናቶችና አባቶች በጣታቸው እንዲያትሙ ቀለም ተዘጋጅቷል። መዝገቡ ከዛሬ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ክፍት ነው።